በሚኒስትር ስንብት የሚበራ አገር

መብራት በጠፋ ቁጥር ቴክኒሻን የሚልኩ መንግሥታት ወደ ኢራቅ ሄደው ቢማሩ አይከፋም። የባግዳድ ሹማምንት ከረጅም ልምድ በኋላ የደረሱበት ጥበብ ከዚህ የላቀ ነውና፤ ሙቀቱ ሃምሳ ዲግሪ ሲነካና ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ የሚቀይሩት ሽቦውን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሚኒስትሩን ነው። ሽቦ መቀየር ገንዘብና መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ሚኒስትር ለማሰናበት ግን አንድ ደብዳቤና አንድ ካሜራ ይበቃል።

ባህሉ ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ኢራቅ የባስራ ሕዝብ በመብራት እጦት ሲሰለፍ የኤሌክትሪክ ሚኒስትሩ ከሪም ወሒድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2011 ደግሞ ተተኪው ሚኒስትር ረዓድ ሸላል፣ በወረቀት ላይ ብቻ ይገኛል ከተባለ የካናዳ ኩባንያና ከከሰረ የጀርመን ድርጅት ጋር የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈራርመዋል ተብሎ ተሰናበቱ። ከሌለ ኩባንያ የሌለ መብራት መግዛት ቢያንስ ሒሳቡ የተጣጣመ ነው።

የጥበቡ ከፍታ የታየው ግን በ2018 ነው። በአይሲስ ላይ ድል ከታወጀ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ የአገሪቱ ነዳጅ አብዛኛው የሚወጣባት ባስራ ተነሣች። ሻት አል አረብ ወንዝ ከባሕሩ በገባ ጨውና በቆሻሻ ተበክሎ፣ የቧንቧ ውሃ ሰውን አልጋ ላይ ይጥል ጀመር፤ የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኋላ እንደዘገበው ቢያንስ 118,000 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። ኢራን በበኩሏ ባልተከፈለ ዕዳ ምክንያት ትልከው የነበረውን ኤሌክትሪክ አቋረጠች። መንግሥት በአስደናቂ ፍጥነት ኢንተርኔቱን ዘጋ፤ በሰልፈኛው መካከል «ሰርጎ ገቦች» አሉ ብሎ አስጠነቀቀ፤ ሚኒስትሩን ቃሲም አል ፈህዳዊንም ከሥራ አገደ። ውሃ የጠማው ሕዝብ ሰርጎ ገብ ሳይገፋፋው ይጠማል ብሎ የሚያስብ፣ ስለ መንግሥት ሥራ ምንም አያውቅም ማለት ነው።

አመስጋኝ መሆን የማይችሉት ነዋሪዎቹ ብቻ ናቸው። እነርሱማ በየመንደሩ የግል ጄኔሬተር ባለቤት ዘንድ በወር በአምፔር (በሚወስዱት የኤሌክትሪክ ጉልበት ልክ) ተመን ይከፍላሉ፤ ከቤት ወደ ቤት የሚዘረጋው ሽቦ ከላያቸው ተተብትቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል፤ ማቀዝቀዣውን ሲያበሩ ማራገቢያውን ያጠፋሉ። ማታ ማታ ደግሞ ከከተማዋ ውጭ ባሉት የነዳጅ ማሳዎች በከንቱ የሚቃጠለውን ጋዝ ነበልባል ማየት ይችላሉ፤ ይህ በነፃ ነው። ያንን ጋዝ ይዞ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ከኢራን ጋዝ መግዛት የተመረጠው፣ ለጉርብትና ከታሰበ ክብር እንደሆነ ቢታሰብ ይሻላል።

በሰኔ 2021 ሙቀቱ ሲጨምር ማጂድ ሐንቱሽ ተራቸው ደርሶ መልቀቂያ አስገቡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አብዛኛው አገር በአንድ ጊዜ ጨለመ። አንዳንድ ጨለምተኞች ይህን እንደ ውድቀት ቆጠሩት፤ እኔ ግን መብራቱ ሚኒስትሩን ለመሸኘት የወጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ አሠራሩ በሕግ ቢጸና ምን ይላችኋል? የኤሌክትሪክ ሚኒስትር በጥቅምት ይሾም፤ በሰኔ መጨረሻ ስንብቱ አስቀድሞ ይታወጅ፤ የመሰናበቻ ንግግሩም ከሹመት ደብዳቤው ጋር ተያይዞ ይሰጠው። ሕዝቡ በዚያ ሐሩር አደባባይ ወጥቶ ከመንገላታት ይድናል፤ ሽቦውንም የሚነካው አይኖርም።