ድሬዳዋ ወለደችው፣ አዳማ ሸኘችው

በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ክላርክስዴል የምትባል የጥጥ አገር ከተማ አለች። ነዋሪዋ ሃያ ሺህ እንኳ አይሞላም፤ በዋናው ጎዳናዋ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል። እኔ ከምኖርበት ከሜምፊስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ታዲያ ለዚህች ድሃ ከተማ ከጃፓንም ከኖርዌይም እንግዳ ይመጣላታል። የሚመጣውም ጥቁር አሜሪካውያን ለፈጠሩት የብሉዝ ሙዚቃ ነው። ዝነኞቹ ሙዚቀኞች ሳም ኩክና አይክ ተርነር የተወለዱት እዚያ ነው። የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ ደግሞ ያደገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የስቶቫል እርሻ ነው።

መዲ የኖረባት የእንጨት ጎጆ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ በ1918 እ.ኤ.አ. የተሠራ የባቡር ዕቃ ማራገፊያ ነበር። ሥራው የተጀመረው በ1979 ሲሆን፣ የጀመረውም የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ኋላ ዚዚ ቶፕ የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች ቢሊ ጊበንስ ከጎጆዋ በተገኘ ጣውላ ጊታር አሠርቶ እያዞረ ለሙዚየሙ ገንዘብ አሰባሰበ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የብሉዝ ዘፋኟ የቤሲ ስሚዝ ነገር ነው። ቤሲ የቴነሲ ልጅ ናት፤ ከክላርክስዴል ጋር ያገናኛት ሞቷ ነው። በ1937 በአውራ ጎዳናው ላይ በመኪና አደጋ ቆስላ በከተማዋ የጥቁሮች ሆስፒታል አረፈች። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ ሆቴል ሆኗል፤ ደጃፉ ላይ ግን ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል። እዚህ አልተወለደችም፣ እዚህ አልተቀበረችም ብሎ የተከራከረ የለም።

ያን ሰሌዳ ሳነብ ሐሳቤ ወደ አዳማ ሄደ። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ የተቀበረውም ድሬዳዋ ነው። በአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አልፎ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ ያዜመ ሰው ነው። እንደ እኛ ዓመታቱን በባዕድ አገር ገፍቶ የተመለሰም ነው። አዳማና ድሬዳዋ ደግሞ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ቡናና ጨው ብቻ አላመላለሰም፤ የሸጎዬ ጭፈራውንም ዘፋኙንም ይዞ መጥቷል። እኛ የአዳማ ልጆች ግን «ዓሊ የድሬ ነው» ብለን እናልፋለን። የከተማ ኩራት በልደት ምስክር ወረቀት የሚታደል ይመስለናል።

አሜሪካኖቹን ለማመስገን ብቻ የተነሣሁ እንዳይመስልብኝ። መዲ ዋተርስ በዚያ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበር፤ በ1943 ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቺካጎ የሄደው በገዛ አገሩ ሰው ሆኖ መኖር ስላልተቻለው ነው። ጎጆዋ የከበረችው እሱ ትቷት ከሄደና ከታወቀ በኋላ ነው። ዛሬም ሙዚየሙን ስጎበኝ አብዛኛው ተመልካች የውጭ ሰው ነበር። አዳማ ላይ ሠርግ ቤት ግቡና እዩ፤ የዓሊ ዜማ ሲነሣ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ይነሣሉ። ለዚህ ሙዚየም አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በ1941 የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ የመቅረጫ መሣሪያ ጭኖ ስቶቫል ሲደርስ መዲን ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ያ ቅጂ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሎማክስ መዲ ዝነኛ እስኪሆን አልጠበቀም። የእኛዎቹ የአዳማ ሠርግ አድማቂዎች፣ የሆቴል ኪቦርድ ተጫዋቾች፣ ካሴት ሲያባዙ ያረጁ የሙዚቃ ቤት ባለቤቶች ግን ማን ቀረጻቸው? ካሴት ቤቶቹ ሞባይል መሸጫ ሆነዋል። በከተማዋ ሆቴሎች ዕድሜውን ሙሉ ኪቦርድ የተጫወተ የሰፈራችን ሽማግሌ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ሰምቶኝ፣ «ልጄ፣ ስሞት አዳራሽ ከምትሰይሙልኝ ዛሬ ይህን ድምፅ ማጉያ ብታስጠግኑልኝ ይሻለኛል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ማስጠገኑም አይከብድም። ከዚያ ግን አጠገቡ መቅረጫ ከፍቶ መቀመጥ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ የትኛው ዜማ ከየት መስመር እንደመጣ እሱ ነው የሚያውቀው። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ቢገኝ ደግሞ ማስቀመጫው ተገኘ ማለት ነው። ገንዘቡን በተመለከተ፣ እኛ ውጭ ያለነው ዋሺንግተን ላይ ለአንድ የበዓል ኮንሰርት ትኬት፣ ለሆቴልና ለአዲስ ልብስ የምናወጣውን ስለማውቀው፣ የለንም የሚለኝን ሰው አላምነውም።