ዓሣው ተለክቷል፤ እናቲቱስ?

የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ስለ እኛ ልጆች ተጨንቀዋል። ሐምሌ 2017 ላይ ቲሜሮሳል የሚባለው ሜርኩሪ ያለበት ማቆያ ከሀገራቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲወጣ ፈረሙ። መሥሪያ ቤታቸውም ሌላው ዓለም እንዲከተል ጥሪ አቀረበ። ጥቅምት 2018 ደግሞ ጄኔቫ ለተሰበሰበው የሚናማታ ስምምነት (ሀገራት ሜርኩሪን ለመገደብ የተፈራረሙት ውል) ጉባኤ የቪዲዮ መልእክት ላኩ። በባትሪና በመዋቢያ ውስጥ አደገኛ የተባለው ሜርኩሪ በክትባት ውስጥ ለምን ይፈቀዳል ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ሰፈር ለመድረስ ቪዛ አይጠይቅም።

ጥያቄው ሲሰሙት ብልህ ይመስላል። ሲፈትሹት ግን "ሜርኩሪ ያው ሜርኩሪ ነው" ከማለት አያልፍም። ክትባት ውስጥ ያለው ኤቲል ሜርኩሪ ነው። በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር ተለቆ፣ በዓሣ በኩል ሕዝብ የፈጀው ሜቲል ሜርኩሪ ነው። ልዩነቱም በአፍ ጨዋታ የመጣ ሳይሆን ተለክቶ የታወቀ ነው። አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ የ216 ሕፃናት ደም ተመርምሯል። ከክትባቱ የገባው ሜርኩሪ አራት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ከዓሣ የሚገባው ሜቲል ሜርኩሪ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋል።

ማቆያውም ለጌጥ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1928 አውስትራሊያ፣ ቡንዳበርግ ውስጥ 12 ሕፃናት በተከተቡ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተዋል። መርፌ በተመላለሰበት ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ነበር፤ ማቆያ አልነበረውም። እኛ ጋ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነው። ለየሰው ለየብቻ ብልቃጥ ይሁን ከተባለ የሚበዛውን ብልቃጥ የሚይዝ ፍሪጅ ማን ሊገዛ ነው? ሰውየው እንደሆኑ ሰኔ 2017 ላይ ለድሃ ሀገራት ክትባት ለሚያቀርበው ለጋቪ ገንዘብ አንሰጥም ብለዋል። መንግሥታቸውም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በርካታ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ከጠበቀው የሜርኩሪ ልቀት ገደብ ለሁለት ዓመት ነፃ አውጥቷል። ጭሱ ውኃ ላይ ያርፋል፣ ዓሣ ውስጥ ይገባል፣ ነፍሰ ጡሯ ዓሣውን ትበላለች። በመርፌዋ የሚደነግጡ ሰዎች ጭሱን አያዩትም።

ስለ እናትና ልጅ የእውነት የተጨነቀ ሰው ንግግር ከማድረጉ በፊት ይለካል። የሚለካበትም ነገር እናቲቱ ራስ ላይ አለ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሜቲል ሜርኩሪንም ይዞ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1971 እና 72 ኢራቅ ውስጥ ለዘር ብቻ የመጣ፣ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ስንዴ ተጋግሮ ተበላ። ተመራማሪዎች የእናቶችን ፀጉር ቁራጭ በቁራጭ መርምረው መርዙ በስንተኛው የእርግዝና ወር እንደገባ አነበቡ። ሚናማታ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። እኛ እትብት እንቀብራለን፤ ጃፓኖች አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ያስቀምጣሉ። ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ በነበረበት ዘመን፣ እናት ደህና ሆና ልጇ ሽባ ሆኖ ይወለድ ነበር። ኋላ ያ የደረቀ እትብት ከየቤቱ ወጥቶ ሲመረመር ሜርኩሪው ተገኘ። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ከየእናቱ ሣጥን የወጣ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ የማንም ሚኒስትር ንግግር አይደለም።

የእኛስ? የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ተለክቷል። ሌላ ዓሣ የሚበላው ቢልጫ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። እሰየው። ቢልጫውን በየሳምንቱ የምትበላዋ ነፍሰ ጡር ፀጉሯ ሲለካ ግን አልሰማሁም።

ዓሣ አንበላም ለምትሉ ደግሞ ክሬሙ አለ። ሜርኩሪ ቆዳ ያነጣል፤ ስለዚህ አንዳንድ የቆዳ ማንጫ ክሬም ውስጥ ይጨመራል። የሚናማታ ስምምነት አባል ሀገራት ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ በሙሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለማስቀረት ወስነው ነበር። ሻንጣ ይዞ የሚገባው ክሬም ግን ስምምነት አያነብም። እናት ማታ ትቀባዋለች፤ ትራሱ ላይ፣ ፎጣው ላይ፣ ከዚያም ጉንጯ ላይ ተለጥፎ የሚተኛው ሕፃን ላይ ይቀራል። ይህኛው በፀጉር አይታወቅም፣ በሽንት ነው የሚለካው። ወርቅ በሜርኩሪ ይዞ እሳት ላይ በሚያተን ሰው አጠገብ ልጅ አዝላ የምትቆም እናትም ምርመራዋ ይኸው ሽንት ነው። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ሽንት ይወሰዳል እኮ! ለፕሮቲን ይታያል፣ ለኢንፌክሽን ይታያል። "የምን ክሬም ትቀቢያለሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

ጤና ሚኒስቴር ከሐዋሳ፣ ከወርቅ አካባቢዎችና ከአዲስ አበባ ናሙና ይውሰድና ውጤቱን ያውጣ። መሣሪያ የለንም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፀጉር በረዶ አይፈልግም፤ በተራ ፖስታ ታሽጎ መሣሪያው ወዳለበት ይላካል።