ለዓይን ምስክሮቻችን ሽልማት ይሰጥልን!

የሰፈራችን የዓይን ምስክሮች እስከዛሬ ሳይሸለሙ መቅረታቸው ያሳዝናል። ባለፈው ሳምንት አንድ የድብደባ ክስ ሲሰማ ችሎት ቁጭ ብዬ ነበር። ሳቄን የያዝኩት ጥርሴን ነክሼ ነው።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ጠብ በተነሳ ማግስት ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ቡጢውን በእጃቸው እያሳዩ ይተርካሉ። መጥሪያ ሲመጣ ግን ሁሉም "ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር" ይላል። ድሮ በአውጫጭኝ የተሰበሰበ ሰው ጥፋተኛውን ሳያወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር አሉ። ዛሬ ተመስገን፣ ሁሉም "አላየሁም" ብሎ ለምሳ ይደርሳል።

የኔ ጀግና ግን ሳያይ ያየው ነው። እጁን አንስቶ ማለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ "በዚያ ሰዓት መብራት ነበር?" አለው።

"ኧረ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ነበር።"

"ታዲያ በምን አዩት?"

"በዓይኔ ነዋ!"

የት እንደቆመ ተጠየቀ። ከቆርቆሮ አጥር ወዲያ። አጥሩ ቀዳዳ አለው? የለውም፣ ግን "ለሚያውቀው ሰው ይታያል"። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አልፎ፣ ተከሳሹ በግራ እጁ እንደሰነዘረ፣ ካልሲው ቡናማ እንደነበር፣ አንዱ ካልሲ ተረከዙ ላይ እንደተቀደደ ሁሉ አይቷል። ጫማ አድርጎ እንደነበር ሲነገረው እንኳ ፍንክች አላለም። መምቻው ዱላ ነው አለ። ሁለተኛዋ ምስክር ጠርሙስ ነው አለች፣ ሦስተኛው ጃንጥላ። ተበዳዩ ራሱ ደግሞ በቡጢ ነው የተመታሁት ይላል፣ ግን እሱን ማን ይሰማዋል? እዚያ የነበረው እሱ ብቻ መሰለው እንዴ!

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደክሞ ከባድ የአካል ጉዳትን በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በ556፣ የአካል ጉዳት ያላደረሰውን ምት ማለትም የእጅ እልፊትን በ560 ለይቶ አስቀምጧል። ባዶ እጅና ዱላ ቅጣታቸው አንድ አይደለም። ሐሰተኛ ምስክርን የሚቀጣ አንቀጽ 453 የሚባልም አለ፣ እሱን ግን በቆርቆሮ ውስጥ የሚያየው ሰው እንኳ እስካሁን አላየውም።

አንዱ ነገር ግን አያስቅም። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ግቢው ሁሉ ጩኸቷን ሰምቶ፣ በማግስቱ ሽማግሌ ተልኮ፣ ችሎት ላይ "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው" ሲባል። የቱ ደረጃ? ቤቱ ምድር ላይ ነው! ይሄ ጉርብትናም ሽምግልናም አይደለም፣ አብሮ መደብደብ ነው። የረገፈው ጥርስ የሷ ነው፣ የእናንተ አይደለም።

ብቻ ወደ ጀግናዬ ልመለስ። ዳኛው ለመከላከያ ምስክሮች ቀጠሮ ሰጡ። ከችሎት ስንወጣ የተከሳሹን ወንድም ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "ሰው ከጎደላችሁ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ" አለው።