እርማት፦ ወደ ክላውድ መሸጋገር ገቢን ወዲያው አያሳድግም

«ነባር የሶፍትዌር ኩባንያ ወደ ክላውድ ሲዞር ገቢው ወዲያው ያድጋል» ብለው የሚጽፉ አሉ። ወደ ክላውድ መዞር ማለት እዚህ ሶፍትዌሩን በኩባንያው ሰርቨሮች (ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች) በኩል፣ በኢንተርኔትና በየጊዜው በሚከፈል ምዝገባ ማቅረብ ነው። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው መቀነስ ነው። ድሮ ደንበኛው የሶፍትዌሩን መጠቀሚያ ፈቃድ ዋጋ በአንድ ጊዜ ይከፍል ነበር፤ አሁን ገንዘቡ በየወሩ እየተቆራረጠ ይገባል፤ የሰርቨሩ ወጪ ደግሞ በኩባንያው ትከሻ ላይ ያርፋል።

የፎቶሾፕ ሠሪ የሆነውን አዶቢን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ክሪኤቲቭ ስዊት የተባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ጥቅል በአዲስ እትም ማውጣቱን ትቶ ሙሉ በሙሉ በምዝገባ ወደሚሸጠው ክሪኤቲቭ ክላውድ ሲዞር፣ የዓመቱ ገቢ ከ4.4 ቢሊዮን ዶላር ወደ 4.05 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። የተጣራ ትርፉማ ከ833 ሚሊዮን ወደ 290 ሚሊዮን አሽቆለቆለ! ገቢው የ2012ቱን መጠን ያለፈው በ2015 ነው። በሽግግሩ ወቅት ከሩብ ዓመት ገቢ ይልቅ የተመዝጋቢዎችን ቁጥርና ምዝገባቸውን ማደሳቸውን ይከታተሉ።