ስልኩ በማን እጅ ነው?

ክርክሩን የጫሩት ጡረታ የወጡ የሰፈራችን መምህር ናቸው። ጀበና ቡና ቤቱ ውስጥ ወጣቶቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አዩና «ኢንተርኔት ሰውን አገናኘ ይባላል፤ እኔ የማየው ጎን ለጎን ተቀምጦ መራራቅ ነው» አሉ።

ካርድና ሲም የምትሸጠው ልጅ አልተቀበለቻቸውም። «ጋሼ፣ እነዚህን አይተው አይፍረዱ። እኔ ጋ የሚመጡትን እናቶች ይዩ።» እናቶቹ ጥቅል ሲገዙ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አይጠይቁም፤ «ልጄን የማይበትን ሙዪልኝ» ነው የሚሏት። አንዷ ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ሪያድ ናት። ድሮ ቢሆን ደብዳቤ ሲመጣ የጎረቤት ተማሪ ተጠርቶ ያነብላታል፣ መልሱንም እሱ ይጽፍላታል። የቤቷ ገበና በሰው ልጅ አፍ ያልፋል። አሁን ኢሞ ከፍታ የማይክራፎኗን ምልክት ጫን ታደርጋለች፣ የልቧን ትናገራለች፣ ትልካለች። «ጣቷን የት እንደምታሳርፍ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሁን ማንንም አትፈልግም» አለች ልጅቷ።

መምህሩ ይህን ወደዱት። ግን አልተረቱም። «የምታየው እውነቱን ነው ወይ? ልጅቷ ተውባ የተነሳችውን ፎቶ ትልካለች፤ ስታለቅስ ያደረችበትን ሌሊት አትልክም። ዘመድ አዝማድ ፎቶውን አይቶ ‹ደልቷታል› ይላል። ከዚያ ብር ላኪልን ይከተላል።»

ይሄኔ ቤይሩት ሠርታ የተመለሰችው ጎረቤታችን ስኒዋን አስቀመጠች። «እውነትዎን ነው ጋሼ። እኔም እንደዚያ አድርጌያለሁ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ምን ልበላት?» ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። «ግን የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስልኬን ቀምታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ቁጥሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የፎቁ ጎረቤት ሠራተኛ፣ ያገሬ ልጅ፣ በረንዳ ላይ ተደብቃ ‹እንኪ ደውዪ› ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። የእናቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። መልሼ ሰጠኋት።»

ማንም ምንም አላለም።

ከዚያ እሷው በ2012 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ቤይሩት የሆነውን አነሳች። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደሞዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቆንስላው ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ አደሩ። በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። «ያ ባይሆን ማን ያውቀን ነበር?» አለች።

መምህሩ የመጨረሻ መከራከሪያቸውን አመጡ፦ በአንድ ትእዛዝ ጥርቅም በሚል ነገር ላይ እንዴት ኑሮ ይመሠረታል? ትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከዓለም ተቆረጠች፤ ውጭ ያለው ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ከረመ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ።

እኔ ግን ይህን የሰማሁት ለመምህሩ ሳይሆን ለሲም ሻጯ ሲመሰክር ነው። ሲቋረጥ ያን ያህል የሚያንገበግብ ነገር ተራ መዝናኛ አይደለም። ፎቶው ይዋሻል ማለታቸው ልክ ነው፤ ደብዳቤም ግን ይዋሽ ነበር። ድምፅ ይሻላል። እናት የልጇን ድምፅ ሰምታ «ምን ሆነሻል?» ማለት ትችላለች።

ከሁሉም ልቤን የነካው የቁም ሳጥኑ ነገር ነው። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ኔትወርክ ጥራትና ስለ ጥቅል ዋጋ ነው፤ ዱባይ ላሉት ደግሞ የዋትሳፕ ጥሪ ለዓመታት ስለተዘጋባቸው በቦቲም መደወል እንደሚሻል እንመክራለን። ይህ ሁሉ ግን ስልኩ በእጇ ላለ ሴት ነው። ቁልፉ አሠሪዋ ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ኢሞም ቦቲምም ለእሷ የሉም።

ስለዚህ ልጅ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ ስለ ደሞዝ የሚጠይቅ ቤተሰብ ስለ ስልክም ይጠይቅ። ስልኳ በእጇ እንዲሆን፣ በየትኛው ሰዓት መደወል እንደምትችል ውሉ ላይ ይስፈር። አሠሪ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ያኔ ግን የሚከሰስበት ነገር ይኖራል። ሌላው ዛሬ ማታ የሚሠራ ነው፦ የአንድ የቅርብ ሰው ቁጥር በቃሏ ትያዝ። አገር ቤት እንደለመድነው ከዜሮ ዘጠኝ ጀምራ ከሆነ ከውጭ አይገባላትም። ዜሮውን ትታ፣ +251 ወይም 00251 አስቀድማ፣ ሳታይ እስክትወጣው ድረስ ደጋግማ ትበለው።