ሸራው ከመቀየሩ በፊት ጎማው ይፈታ

መኪናዬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ቀኝ መሳብ ጀምራ ነበር። ጋራዥ ወስጄ ችግሩን ስናገር መካኒኩ ገና ከመሪው ጀርባ ሳልነሳ «ሸራ ጨርሳለች፣ ይቀየርላት» አለኝ። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቀው መኪናን የሚያቆሙት የፊት ሸራዎች ተቀየሩ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፣ መሳቡ ግን ከእኔው ጋር ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ስሄድ፣ ሰውየው አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈታ፤ አራቱንም ሸራዎች አውጥቶ በቁራጭ ጨርቅ ላይ በየተራቸው ደረደረና «ይምጡና ይዩ» ብሎ ጠራኝ። የቀኞቹ እኩል ተበልተዋል። ከግራዎቹ ግን የውጪው ሸራ አዲስ ሊባል ምንም አልቀረውም፣ የውስጡ ደግሞ አንድ ጫፉ ከሌላው ይልቅ ሳስቶ እንደ ሽብልቅ ሆኗል። ሁለቱን ሸራዎች ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ስለተጣበቀ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ፒስተን የውስጡን ሸራ ብቻ ሲገፋ ከርሟል። የግራው ጎማ በግማሽ አቅሙ ሲይዝ የቀኙ በሙሉ አቅሙ ስለሚይዝ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አዲሱ ሸራ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ያለ ምርመራ ሄዶ ችግሩ ላይ ተገጠመ እንጂ።

ይህን የምጽፈው አንድን ጋራዥ ለመውቀስ አይደለም። ፍሬን ሲታመም መልሱ ሁሉ «ሸራ ቀይር» የሚሆንበት ልማድ፣ ገንዘባችንንም ደኅንነታችንንም እየጎዳ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሸራ የሚያልቅ ዕቃ በመሆኑ ጥርጣሬው መጀመሪያ እሱ ላይ ቢያርፍ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከእግራችን ጫማ እስከ ጎማው ድረስ ፔዳል፣ የእግርን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ፣ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ፣ ዘይት፣ ቱቦ፣ ካሊፐር፣ ሸራና ዲስክ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ከእነዚህ የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ብዙ የሚናገረው ፔዳሉ ነው። ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። በአንጻሩ መኪናው ቆሞ እግርዎን በእኩል ኃይል ሲያቆዩ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ፣ ከውጭም የሚፈስ ዘይት የማይታይ ከሆነ፣ የዋናው ፖምፓ የውስጥ ጎሚኒ ግፊቱን ማሳለፍ ጀምሯል። ይህ በማንኛውም ሸራ አይድንም፣ በዚህ ሁኔታ ማሽከርከርም ተገቢ አይደለም። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ለመቆም ሲያመነታ ደግሞ የሚጠረጠረው ሰርቮው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የአየር ቱቦ ነው። ይህንን ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ መፈተሽ ይችላል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ሰርቮው እያገዘ አይደለም።

አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በተለየ ከጋለ፣ የተቃጠለ ሽታም ካመጣ፣ ፍሬኑ እግር ከተነሳ በኋላም እየያዘ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ መካኒክ ከገማች የሚለይበት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ጎማው በክሪክ ተነሥቶ አልሽከረከር ሲል የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ ይላላል፤ ዘይቱ ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው መሽከርከር ከቻለ፣ ካሊፐሩ ደህና ነው፤ ግፊቱን ያፈነው ከውስጥ አብጦ የተዘጋው ተጣጣፊ ቱቦ ወይም ዘይቱን መልሶ የማይቀበለው ፖምፓ ነው። ብሎኑ ተላልቶም ጎማው ካልተሽከረከረ ጥፋቱ እዚያው ካሊፐሩ ላይ ነው። ይህ ሙከራ ሳይደረግ ካሊፐር የተቀየረለት ሰው፣ ያው ጎማ በማግሥቱ ቢግልበት ሊደነቅ አይገባውም።

ስለ ድምፅ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቀጭን ፉጨት ብዙ ጊዜ ሸራው ሊያልቅ መቃረቡን እንዲያስታውቅ ሆን ተብሎ የተገጠመች ቆርቆሮ ዲስኩን ስትነካ የሚሰማ ነው፤ የብረት መፋጨት ግን ሸራው አልቆ ጀርባው ዲስኩን እየበላ ነው ማለት ስለሆነ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

መንቀጥቀጥ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም በዚህ ረገድ የተለመደው አባባል ያሳስታል። ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ «ዲስኩ ጠሟል» ይባላል። በአብዛኛው የሚሆነው ግን የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች የሚቆጠር ልዩነት ብቻውን እጅ ላይ ይሰማል። የዚህ ልዩነት መነሻ ብዙ ጊዜ ዲስኩ የሚያርፍበት የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ፊት ላይ የተጠራቀመ ዝገት ነው። ዝገቱ ዲስኩን በጥቂቱ ያዘነብለዋል፣ ያዘነበለው ዲስክ በእያንዳንዱ ዙር ሸራውን በአንድ ቦታ ይነካዋል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ሲያልፉ ያ ቦታ ይሳሳል። እንግዲህ ዝገቱ በብረት ብሩሽ ሳይጠረግ ውድ ዲስክ ቢገዛም ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፣ ወቀሳውም በዕቃው ላይ ይወድቃል።

የሚረሳው ደግሞ ዘይቱ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት አይገባውም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን መመዘኛው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ይህን ዘይት ካፈላው በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለሉን ይነካል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ «ደህና» ሆኖ ስለሚገኝ፣ ጋራዥ ሲደርስ ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም። አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። በተጨማሪም በማጠራቀሚያው ውስጥ ዘይቱ ዝቅ ብሎ ከታየ ዝም ብሎ መሙላት ስሕተት ነው፤ ሸራ ሲሳሳ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ደረጃው ይወርዳልና መጀመሪያ ሸራውን መለካት፣ ቀጥሎም የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ምርመራው በሚገባ ከተሠራ በኋላ ነው ወደ ዕቃ ግዢ የሚኬደው፤ እዚያም «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ይጠብቀናል። በእኔ እምነት ይህ ቃል ዛሬ ምንም አይነግረንም። አብዛኛዎቹ የመኪና ፋብሪካዎች ሸራ በራሳቸው አይሠሩም፤ እንደ ብሬምቦና አኬቦኖ ያሉ አቅራቢዎች ለፋብሪካዎቹም ይሸጣሉ፣ በራሳቸው ስምም ይሸጣሉ። ስለዚህ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ከማለት «ምን ምልክት አለበት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው 90ኛው ደንብ፣ ተተኪ ሸራ በፍተሻ ከመጀመሪያው ጋር ተወዳድሮ አፈጻጸሙ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያስገድዳል፤ ኋላ ላይ ዲስክንና ታምቡርንም አካቷል። ደንቡን ያለፈ ሸራ ጀርባው ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር፣ ከጎኑም «90 አር» የሚል ጽሑፍ ይታተምበታል። ከ«ኢ» ጎን ያለው ቁጥር ዕቃው የተሠራበትን አገር የሚናገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ፈቃዱን የሰጠው አገር ነው፣ ለምሳሌ 1 ጀርመን ነው። ምልክት ሊመሰል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለሆነም በካርቶኑና በሸራው ጀርባ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የማይለቅ መሆኑን፣ የሸራው ጠርዝ አለመሰንጠቁንና ከብረቱ ጋር ያለ ክፍተት መጣበቁን ከመክፈል በፊት ማየት ያስፈልጋል።

የሸራ ጥራት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ በአንድ ስሌት ላስረዳ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት እስኪቆም ድረስ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለን 1.7 ሊትር ያህል ውኃ ለማፍላት ይበቃል፤ ይህም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ርካሽ ሸራ በዝግታ መንገድ ላይ ከጥሩው ጋር እኩል መስሎ ይታያል። ልዩነቱ የሚወጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ከባድ አያያዝ፣ ሁሉም ነገር በጋለበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ደግሞ መልሶ ለመግዛት ጊዜ የለም። ሸራ በአንድ አክስል በግራም በቀኝም በአንድነት መቀየር ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ዓይነት ሸራ ሲግል በሁለት ዓይነት ይይዛል።

ዲስክም እንዲሁ ጠርዙ ላይ ዝቅተኛ ውፍረቱ ተጽፎበታል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ የሚገጥም ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ስለዚህ ከጋራዦች የምጠይቀው ውድ መሣሪያ እንዲገዙ አይደለም። ጎማው ይፈታ፣ አሮጌው ሸራ ለባለቤቱ ይታይ፣ የእያንዳንዱ ጎማ የውስጥና የውጪ ሸራ ውፍረትና የዲስኩ ውፍረት በሚሊ ሜትር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከእኛ ከባለመኪናዎችም ያንን ጽሑፍ መጠየቅና ለምርመራው ጊዜ ሳንነጫነጭ መክፈል ይጠበቃል። ያ ሁለተኛው ባለሙያ በብጫቂ ወረቀት «ግራ ውስጥ 7፣ ግራ ውጪ 10፣ ቀኝ 9 እና 9» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ፒኑን አውጥቶ ጠረገው፣ ለጎሚኒው የሚስማማ ግሪስ ቀባው፣ ሸራዎቹንም በአንድ አክስል አንድ ላይ ቀየራቸው። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሼ ስናስለካ በግራ በኩል በውስጥና በውጪ ሸራ መካከል የነበረው ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም ከፊተኛው ቁጥር ሥር ጻፈው።