ጉባኤ ይብዛልን!

እኔ ጉባኤ እወዳለሁ። የዕድር ስብሰባ ወይም የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ማለቴ አይደለም። እነዚያ ላይ ሰው ይጣላል፣ ሒሳብ ጎደለ ይባላል፣ ሊቀመንበር ይወርዳል። እኔ የምወደው ስለ ሰብዓዊ ልማት፣ ስለ ሰው ልጅ አቅምና ስለ ዓለም አቀፍ ፍትሕ የሚመከርበትን ነው። እዚያ ማንም አይጣላም፤ ማንም አይወርድም። ሁሉም "ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት" ብሎ ይጀምርና እነሱ ያላሉትን ተናግሮ ይቀመጣል።

ሐሜተኛ መቼም አይጠፋም። "ሲያወሩ ውለው፣ በልተው ይበተናሉ" የሚል አለ። ምቀኝነት ነው። አንገቱ ላይ ባጅ ተንጠልጥሎለት የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ከቦታው ልጀምር። የድህነት ጉባኤ መሀል ከተማ ላይ አያምርም። መሀል ከተማ ድህነት በዝቶ ሐሳብ ይበትናል። ስለዚህ ወደ ዳር ይወጣል፤ ለዚህ ደግሞ እንደ ሱሉልታ የሚሆን የለም። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ፣ የእንጦጦን ጀርባ አልፎ ቁልቁል ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሜዳው ሰፊ፣ ሆቴሉ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ብቻ አንድ ሰፈር ያህላል። መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ጎንበስ ብለው የሚሄዱ እናቶች ይገጥሟችኋል። ላንድክሩዘሩ ክላክስ አድርጎ ያልፋቸዋል። በክፋት አይደለም። ውስጥ የተቀመጡት ምሁር ስለ ሴቶችና ማገዶ ጥናት የሚያቀርቡ ናቸው፤ ረፍዶባቸው ነው።

ባለፈው ሁዳዴ የታደምኩት ጉባኤ መርሐ ግብሩ ከጠዋቱ 2:30 ይላል። የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ላይ ደረሱ። ጉባኤው ተጨባጭ ውጤት እንደሚያመጣ ያላቸውን ጽኑ እምነት ገለጹ፣ መከፈቱን በይፋ አበሰሩ፣ አብረውን ፎቶ ተነሱ፣ በአስቸኳይ ሥራ ምክንያት ሄዱ። ልብ በሉ፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ጉባኤው ባይካሄድም ተካሂዷል። እኛ ግን ጨዋዎች ስለሆንን ቀጠልን።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ከረሜላ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ አለ። ሱሉልታ እኮ የውሃ ሀገር ናት። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል። ሁሉም ያው የአንድ ምድር ውሃ ነው፤ የእኛው ላይ ግን ስም ተለጥፎበታል።

ሐሳቡን ግን እንዳትነኩብኝ። ሐሳቡ ወርቅ ነው። ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1979 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ሰዎች እኩል ይሁኑ ስንል በምን እኩል ይሁኑ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ጉባኤ ላይ በእኛ የሚቆጥር ገጥሞኝ አያውቅም።) በገንዘብ ነው? በደስታ ነው? ሴን የለም አለ። ሰውየው በያዘው ነገር ምን መሆን፣ ምን ማድረግ ይችላል ብላችሁ ለኩ አለ፤ አቅም ብሎ የሚጠራው ይህንን ነው። ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት ብር ብትሰጡ፣ አንዱ እግሩ የማይሄድለት ከሆነ ያው ብር ያው ቦታ አያደርሰውም። በ1990 ደግሞ ወዳጁ ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሥር የመጀመሪያውን የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሀገር በገቢ ብቻ ሳይሆን በዕድሜና በትምህርትም ይለካል። መለኪያው ከዜሮ እስከ አንድ ነው፤ ከ0.550 በታች ያለ ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል። እኛ ይህንን ምድብ ለአንድም ቀን ጥለነው ሄደን አናውቅም። ታማኝነት ይሏችኋል ይሄ ነው።

ሴን በ1998 ኖቤል ተሸለመ። በ2004 የዘርፉ ምሁራን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነበር፣ ከእሱ ቀጥላ አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ማርታ ኑስባውም። ማኅበሩ በየዓመቱ በተለያየ ከተማ ይሰበሰባል። ቶኪዮ፣ ኬፕ ታውን፣ ቦነስ አይረስ። እኛ ደግሞ ሱሉልታ ላይ እንሰበሰባለን። ከማን እናንሳለን?

የዕለቱ ዋና ተናጋሪ የሴንን የታወቀ ምሳሌ አመጡ። ሁለት ሰዎች ሆዳቸው ባዶ ነው። አንዱ የሚበላ እያለው ይጾማል። ሌላው የሚበላ አጥቶ ይራባል። ከሆድ አንጻር ሁለቱም ያው ናቸው። ልዩነቱ ምርጫው ነው፤ አንደኛው መብላት ይችል ነበር። ፈረንጅ ሀገር ይህንን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል አሉ። ሱሉልታ ላይ፣ በሁዳዴ፣ ግማሹ ተሰብሳቢ ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ለተቀመጠበት አዳራሽ ምን ማስረዳት ያስፈልጋል! ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከጎኔ ያሉት ዶክተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ቡፌው የጾም አለው ወይ?" አሉኝ።

አለው። እንዴት ያለ አለው! ሽሮ በሸክላ ይንተከተካል። ምስር ቀይ፣ ምስር አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ለብለብ። ለማይጾመው ጥብስና ክትፎ በሌላ ጠረጴዛ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ጾመኛው እንዳይፈተን በዚያ በኩል መንገድ የለውም፣ ግን ይታያል። መሀል ላይ አሳ አለ። እዚህ ላይ የጉባኤው የመጀመሪያ እውነተኛ ክርክር ተነሳ። አሳ ይጾማል አይጾምም? ሁለት ፕሮፌሰሮች ሳህን ይዘው ቆሙ። አንደኛው ሥርዓቱን ጠቀሰ። ሌላኛው የአያቱን ልማድ ጠቀሰ። ወረፋው ቆመ። በመጨረሻ ሁለቱም አሳ አነሱ፤ አንደኛው በንሥሐ፣ ሌላኛው በነፃነት።

ከምሳ በፊት ግን አንድ ስላይድ ነበር። መዝለል ስለማይገባኝ ልንገራችሁ። ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት የ1973ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል። በሀገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደተፈራው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ግን ማሳው ከሽፎበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ የሚገዛበት አልነበረውም። እህል ሀገር ውስጥ እያለ ሰው አለቀ። ቀኑን ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ስልክ ያልተነካካው በዚያች ስላይድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ መምህር ተነስተው ሊናገሩ እጃቸውን አወጡ። የመድረክ መሪው ሰዓቱን አየና "ከምሳ መልስ" አለ። ከምሳ መልስ ሌላ ርዕስ ነበር።

የከሰዓቱ ርዕስ ዝርዝር ይኑር አይኑር የሚል ነው። ኑስባውም አንድ ሰው ሰው ሆኖ ለመኖር የሚያስፈልጉትን አሥር ነገሮች ዘርዝራለች። ዕድሜ፣ ጤና፣ ከጥቃት መጠበቅ፣ ማሰብና መማር፣ እስከ ጨዋታና ከእንስሳት ጋር ተስማምቶ መኖር ድረስ። (የመጨረሻውን ሱሉልታ ላይ ማታ ጅብ ሲጮህ ብትሰማው ምን ትል ነበር?) ሴን ደግሞ እኔ ዝርዝር አልቆርጥም ይላል። ምን ምን እንደሚበጃቸው ሰዎቹ ራሳቸው በአደባባይ ተከራክረው ይወስኑ ባይ ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሰዓት ተመከረ። አንድ ወጣት ተመራማሪ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ብሎ ጥያቄም አስተያየትም ያልሆነ ነገር ተናገረ። በመጨረሻ ሰዎቹ ራሳቸው ይወስኑ የሚለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰዎቹ ስላልነበሩ እኛ ወከልናቸው።

ሐሰት አልናገርም፤ አንድ ሰው ነበሩ። መርሐ ግብሩ ላይ የሌላው ሁሉ ስም ከነማዕረጉ ሲጻፍ የእሳቸው ቦታ ላይ "የማኅበረሰብ ተወካይ፣ 5 ደቂቃ" ይላል። ስለዚህ ጋሽ ተወካይ እላቸዋለሁ። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው በ2 ሰዓት መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። እጅጌው ላይ የተሰፋው የፋብሪካው ምልክት ገና አልተፈታም።

ስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 ጽፎት ሴን መጥቀስ የሚወደው ነገር አለ። በዚያ ዘመን በአብዛኛው አውሮፓ የቀን ሠራተኛ እንኳ የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይለብስ ሰው ፊት መቅረብ ያሳፍረው ነበር። ሳያፍሩ አደባባይ መውጣት መቻል ራሱ አንድ አቅም ነው። ይህንን ያቀረቡት ምሁር የፈረንጅ ሥዕል በስላይድ አሳዩን። ኮቱ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ማየትም ነውር ነው። ጥናት ላይ የሌለ ሰው ላይ አያፈጡም።

ለጋሽ ተወካይ ማይኩ የደረሳቸው 11 ሰዓት ላይ ነው። በሁለት እጃቸው ያዙት። "ውሃ በሳምንት አንዴ ትመጣለች" አሉ። "እሷም ሌሊት ነው። ልጆች ናቸው የሚጠብቋት። ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፤ መምህሩ ይገርፋቸዋል።" ይኼ ወጣት ተመራማሪ ብድግ አለ። በ2010 ኦክስፎርድ ላይ የተሠራው የድህነት መለኪያ ለውሃ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት የሚሄድን ሰው የተቸገረ ብሎ ይቆጥራል፤ ለእሱ መረጃ መሰብሰቡ ነው።

"አባቴ፣ ቦኖው ድረስ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?"

"ቦኖውማ ቅርብ ነው ልጄ፣ ደጃፌ ነው። የእሷ መምጣት ነው የቸገረው።"

ልጁ ደብተሩ ላይ "ቅርብ" ብሎ ጻፈ። ጋሽ ተወካይ በዚያች ቅጽበት ከድህነት ወጡ። የመድረክ መሪው "በጣም ጠቃሚ ግብዓት ነው፣ እናመሰግናለን" አለ፣ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን በኋላ አይቼዋለሁ። "የመሠረተ ልማት ተግዳሮቶች ተነስተዋል" ይላል። ልጆቹ፣ ሌሊቱ፣ ዱላው፣ ሁሉም በአራት ቃል። እንዲህ ያለ የቋንቋ ቁጠባ ነዳጅ ላይ ብናውለው የት በደረስን ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። ሰዎች የጉባኤ ፍልስፍና ያለው አዳራሹ ውስጥ ይመስላቸዋል። ተሳስተዋል። ያለው አበል መክፈያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ያልታዩ ምሁራን እንኳ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ተሰለፉ። እዚያ ነው እንግዲህ የ1979ኙ የሴን ጥያቄ ሥጋ ለብሶ የመጣው። ሁሉም እኩል ይከፈለው አለ አንዱ። የራሱን መኪና ነድቶ የመጣው "ነዳጁስ? ወረፋውስ?" አለ። ወገባቸውን የሚያማቸው ዶክተር "እኔ ታክሲ ላይ መጋፋት ስለማልችል በኮንትራት ነው የመጣሁት። ያው ብር ለእኔ ያው አይደለም" አሉ። ሴን ቢሰማቸው ያቅፋቸው ነበር። አንዱ ደግሞ አሜሪካዊውን ፈላስፋ ጆን ሮልስን ጠቀሰ። ልዩነት የሚፈቀደው ከሁሉ የባሰ ለተቸገረው ሲጠቅም ነው፣ የ1971 መጽሐፉ። ከሁሉ የባሰ የተቸገረው ማነው በሚለው ላይ ሦስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ፤ ሦስቱም መኪና አላቸው።

ጋሽ ተወካይም ወረፋ ይዘዋል። ወረፋ መያዝ እሳቸውን የሚያህል የለም። ከፊታቸው የሚገባውን ሁሉ "ግባ ልጄ" እያሉ ዘግይተው ደረሱ። ገንዘብ ያዧ ዝርዝሩን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት፣ እንደገና ወጣችበት።

"አባባ፣ እርስዎ የአካባቢው ነዋሪ ነዎት። ትራንስፖርት አይመለከትዎትም።"

"እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።"

"እኮ!"

ከኋላቸው የቆሙት ዋና ተናጋሪ ዓይናቸው በራ። "ይቺማ ግሩም ጥያቄ ናት" አሉ። "ለሚቀጥለው ጉባኤ ራሷን የቻለች ፓኔል ይወጣታል።" እንዳይረሷት ለመጻፍ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ብዕር የለም። ጋሽ ተወካይ ፎልደራቸው ውስጥ የተሰጣቸውን አውጥተው አቀበሏቸው።

"ቀጣይ!" አለች ገንዘብ ያዧ።